የአርጆው አንጥረኛና የአሪዞናው ከረባት

ከነቀምት ተነሥቶ በስተደቡብ ወደ ዴዴሳ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ቆላው ከመድረሱ አስቀድሞ በደጋው ላይ አርጆን ያገኛል። ከተማዪቱ ነፋሻ ናት፤ በክረምት ጧት ጧት ጉም ይለብሳታል፤ ጉሙም ሲገለጥ የዴዴሳ ሸለቆ ከሩቅ ተዘርግቶ ይታያል። በከፍታው ገብስና ባቄላ፣ ዝቅ ሲሉ ጤፍና በቆሎ፣ ከዚያም ወርዶ ቡና፣ በሸለቆው ወለል ደግሞ ለስኳር ፋብሪካ የሚሆን ሸንኮራ አገዳ ይበቅላል። ስለዚህ የአርጆ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ደጋውንም ቆላውንም ሊጐበኝ የታደለ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የወለጋ ስም ከማዕድን ጋራ ተያይዞ የኖረ ነው። የነጆ ወርቅ የታወቀ ነው፤ በቢርቢር ወንዝ አጠገብ በዩብዶ የተገኘው ፕላቲን ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1920ዎቹ ጀምሮ ወጥቷል። ነገር ግን በእናቶቻችን አንገትና ጆሮ ላይ ስናየው ያደግነው ብር አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ በገንዘብ መልክ የመጣ ነው እንጂ ከዚህ አፈር የተቈፈረ አይደለም። ይህንን ለአንባብያን ለመግለጽ ያነሣሣን አንድ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

በአርጆ የሚኖሩት አክስታችን የመጨረሻ ልጃቸው በአሜሪካ አገር በአሪዞና ይኖራል። ይህ ልጅ በላከው መልእክት፣ በሚኖርበት አገር ወንዶች በክብር ቀን የሚያስሩት ቦሎ የተባለ ከረባት መኖሩን ገልጾ፣ «የእኔን ግን ያገሬ አንጥረኛ ባገሬ ብር ይሥራልኝ» ሲል ለመነ። ፎቶግራፉንም በስልክ ላከልን። ቦሎ እንደ ሌላው ከረባት ከጨርቅ የተሰፋ አይደለም። ከቆዳ የተጐነጐነ ቀጭን ገመድ በአንገት ይዞራል፤ ሁለቱም ጫፎች በደረት ላይ ይወርዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ከብር የተሠራ፣ የከበረ ድንጋይ የተቀመጠበት ጌጥ ሁለቱን ገመዶች ባንድነት ይይዛል፤ ጌጡም ሲፈለግ ወደ ላይ፣ ሲፈለግ ወደ ታች ይንሸራተታል። የገመዱ ጫፎች እንዳይተረተሩ በብር ቆብ ይሸፈናሉ። አክስታችን ፎቶግራፉን አይተው፣ «ይህማ ማተብ ነው፤ መስቀሉን በድንጋይ ለወጡት እንጂ!» ብለው ሣቁ። ነገሩም በክር ተይዞ በደረት ላይ የሚውል ብር በመሆኑ፣ ፍርዳቸው መሠረት የሌለው አልነበረም።

የቦሎ ታሪክ አጭር ነው። በአሪዞና ይኖር የነበረ ቪክቶር ሴዳርስታፍ የተባለ አንጥረኛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ በፈረስ ሲሄድ ባርኔጣውን ነፋስ ወሰደበት፤ በብር ያጌጠው የባርኔጣው ገመድ እንዳይጠፋበት በአንገቱ አጠለቀው፤ ባልንጀራውም አይቶ ስላመሰገነለት ከዚያ ተነሥቶ አዲሱን ከረባት ሠራ ተብሎ ይነገራል። በ1959 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል፤ የአሪዞና ግዛትም በ1971 ቦሎን በሕግ የግዛቱ ከረባት አድርጋዋለች። ሆኖም በዚያ አገር የሚኖሩት ናቫሆ፣ ሆፒና ዙኒ የተባሉት ነባር ሕዝቦች ከዚያ አስቀድመው የአንገት ሻሻቸውን በብር ማያያዣ ይይዙ ስለ ነበር፣ የጌጡ ውበት ከእነርሱ እጅ የመነጨ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

የናቫሆዎቹ ነገር በተለይ ልባችንን ነክቶታል። ብር ማንጠርን ከሜክሲኮ ሰዎች ተማሩ፤ ከመጀመሪያዎቹም አንጥረኞች አንዱ አጺዲ ሳኒ የተባለ ሰው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ሕዝቡን ከርስቱ ነቅሎ በግዞት ካኖረ በኋላ በ1868 ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ይህ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ተስፋፋ። የብር ማዕድን ስላልነበራቸውም የአሜሪካንና የሜክሲኮን ገንዘብ እያቀለጡ አምባርና የአንገት ጌጥ ይሠሩ ነበር፤ ቱርኮይዝ የተባለውንም ሰማያዊ ድንጋይ ይጨምሩበት ነበር። እንግዲህ በአሪዞና በረሓና በወለጋ ደጋ የሚኖሩ፣ ከቶ ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሕዝቦች፣ የባዕድ ነገሥታትን ገንዘብ በእሳት አቅልጠው የራሳቸውን ጌጥ በማውጣት አንድ ሆነው ተገኙ።

በእኛ አገር የቀለጠው ገንዘብ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የተባለው ነው። በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ከሞተችም በኋላ ያንኑ 1780 የሚለውን ዘመን እንደ ያዘ መመታቱን ቀጠለ። አንዱ ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ያገራችን ሰው ይህንን ገንዘብ ሲቀበል የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ እያየ ነጥቦቹን ይመረምር ነበር፤ ነጥቡ የጠፋበትን አልቀበልም ይል ነበር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም በዚሁ ብር ክብደት ይለካ ነበር። አፄ ምኒልክ 1887 ዓመተ ምሕረት የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስመትተው ቢያወጡም፣ ሕዝቡ ከማርትሬዛ ቶሎ አልተላቀቀም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሕግ ከወጣ ወዲህ ግን ጠገራው ከገበያ እየራቀ ወደ ሣጥን ገባ፤ ከሣጥንም ወደ አንጥረኛ እሳት ገባ።

አክስታችንም ከእናታቸው የወረሷቸው፣ ጆሮ ተበይዶላቸው በጥቁር ክር የተሰኩ ስምንት ጠገራ ብሮች ነበሯቸው። የልጁ መልእክት ሲነበብ በቤቱ ክርክር ተነሣ። የበኵር ልጃቸው፣ «ስምንቱም ይቅለጡና ለሁላችንም ቀለበትና ጌጥ ይሠራልን፤ በሣጥን ተቈልፎ ለማን ይጠቅማል?» አለ። ታላቂቱ ሴት ልጃቸው ደግሞ፣ «የአያቴን ብር እሳት አይነካውም፤ ለወንድሜ ከገበያ ይገዛለት» ብላ አለቀሰች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡት አንዱ የሚጠቅመውን፣ አንዷ የሚታወሰውን ይዘው ቆሙ። እኛም በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ብዙ ዘመን የኖርን ስለ ሆንን፣ ለስምንት ብር የተነሣ ቃል ሳይበርድ ቀርቶ ለስምንት ዓመት ክስ ሲሆን አይተናልና ፈራን። አክስታችን ግን ሁለቱንም ሰምተው፣ «ስምንት ናቸው፤ ከስምንት አንድ ቢወጣ እናቴ አትቀየመኝም። ሰባቱ ለሚያለቅሱ፣ አንዱ ለራቀው» ብለው ፈረዱ። ከዚህ ፍርድ በላይ ይግባኝ አልተጠየቀም።

በማግሥቱ አክስታችንን ይዘን ከገበያው በታች ወደሚኖሩት ሽማግሌ አንጥረኛ ቤት ሄድን። ከቤታቸው ጓሮ በቆርቆሮ የተከደነ አንድ ዳስ አለ፤ በውስጡም ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ወናፍ፣ በግንድ ላይ የተተከለ ትንሽ መስፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ሞረድና መሮ በየቦታቸው ተሰድረው ይታያሉ። አክስታችን፣ «ኦቦ፣ እንደምን አደሩ?» አሏቸው፤ እርሳቸውም ተነሥተው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አዴ፤ ይግቡ» ብለው በርጩማ ሰጧቸው። ፎቶግራፉን በስልክ ባሳየናቸው ጊዜ ብዙ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «ፊቱን አየሁት፤ ጀርባው የታል?» ሲሉ ጠየቁን። የጀርባው ፎቶግራፍ አልነበረም። ነገር ግን ገመዱ እንዴት እንደሚያዝ ስንነግራቸው፣ ወረቀት ጠቅልለው ሁለት ትናንሽ ቱቦዎች በማድረግ፣ «ገመዱ በእነዚህ ያልፋል፤ ጥቂት ከጠበቡ ይይዛል፣ ከሰፉ ይወድቃል» ብለው በዓይናቸው ያላዩትን ነገር በልባቸው ፈጸሙት።

ከዚህ በኋላ ስምንቱን ብሮች ከክሩ አውጥተው አንድ በአንድ በድንጋይ ላይ እየጣሉ ድምፃቸውን ሰሙ፤ በሚዛንም አስቀመጧቸው። ሰባቱ ጥርት ብለው ጮኹ። ስምንተኛው ግን ድምፁ ደነዘ፤ በሚዛንም አራት ግራም ያህል ጐደለ። ሽማግሌው የብሩን ዳር ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩን። በእውነተኛው ማርትሬዛ ዳር ላይ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ወደ ውጭ ጐልቶ ተቀርጿል፤ ይህም በቅርጽ አፍስሶ ለሚያስመስል ሰው እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዚህኛው ዳር ላይ ፊደሉ ጠፍቶ እንደ ጠባሳ ብቻ ይታያል። በሞረድ አንድ ጊዜ ቢነኩት ቢጫው ነሐስ ብቅ አለ። ፍትሕና ምሕረት የተጻፈበትን ብር ሐሰተኛ ሰው እንዴት እንደ ጠላው እያሰብን፣ አክስታችን እንዳያዝኑ ምን እንበላቸው ብለን ተጨነቅን።

ሽማግሌው ግን ሳይደብቁ፣ «አዴ፣ ይኸኛው ብር አይደለም» አሏቸው። አክስታችን ተቀብለው በመዳፋቸው ጥቂት ይዘውት ቆዩ። ቀጥለውም፣ «ከእውነተኞቹ አንዱን አቅልጡ፤ ይህን ግን ወደ ክሩ መልሱልኝ። ያታለላት ሰው ያውቅ ነበር፤ እናቴ ግን ሰባቱን በተቀበለችበት ልብ ስምንተኛውን ተቀብላዋለች። እርሷ ሙሉ ነው ብላ የሞተችበትን እኔ ጐደሎ አላደርገውም» አሉ። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቅንቀው ከሰባቱ ጆሮው የተሰበረውን አንዱን መረጡ። እኛም የሚቀልጠውን ብር ክብደት በወረቀት ላይ ጽፈን ሁለቱንም አስፈረምን።

የሥራውንም አካሄድ ለማወቅ ለሚወድ ሰው ባየነው መጠን እንገልጣለን። አስቀድሞ የብሩ ጆሮ ተነቅሎ፣ ብሩ ከሸክላ በተሠራ ማቅለጫ ገብቶ በከሰል ፍም ውስጥ ተቀመጠ። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ወናፉን ይነፋል። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ግድም ሲሆን፣ እንደዚህ መዳብ የተቀላቀለበት ግን ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። ሽማግሌው የሙቀት መለኪያ የላቸውም፤ የሚለኩት በቀለሙ ነው። ለዚህም ዳሱ ጨለም ያለ ሊሆን ይገባዋል፤ በፀሐይ ብርሃን የእሳት ቀለም ያታልላልና። ቦራክስ የተባለው ነጭ ዱቄት ሲነሰነስበት እድፉን ሰበሰበ፤ የንግሥቲቱ ፊት መጀመሪያ ላበ፣ ቀጥሎም ሰጠመ፣ በመጨረሻም ብሩ እንደ መስተዋት እየተንቀጠቀጠ ተሰበሰበ። ያን ጊዜ ቅባት በተቀባ የብረት ቦይ ውስጥ አፈሰሱት።

የቀዘቀዘው ብር በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይሳሳል። ነገር ግን ብር በተመታ ቍጥር ይጠነክራል፤ ሳያሳርፉት ቢቀጠቅጡት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየጊዜው ወደ እሳት መልሰው በዝግታ እያቀሉ ያለሰልሱታል። ሽማግሌው ይህን ሲያደርጉ ለልጅ ልጃቸው፣ «ብርም እንደ ሰው ነው፤ ከዱላው በኋላ ዕረፍት ይፈልጋል» አሉት። ከሳሳው ብር ሞላላ ገበታ ቈረጡ፤ ለድንጋዩ ማቀፊያ የሚሆን ቀጭን ቀበቶ አወጡ፤ ሁለቱን ቱቦዎችና የገመዱን ቆቦች ጠቀለሉ። ከቀረውም ቀጭን ሽቦ ስበው፣ ሁለቱን ባንድነት ገምደው በገበታው ዙሪያ እንደ መስቀል ጥልፍ አዞሩበት። መበየጃውን ያዘጋጁት ከብር ሁለት እጅ፣ ከነሐስ አንድ እጅ ቀላቅለው ነው፤ እርሱ ከጌጡ ቀድሞ ስለሚቀልጥ፣ ጌጡ ሳይጐዳ ክፍሎቹን ያያይዛል። በእሳት ምክንያት መዳቡ ወደ ላይ ወጥቶ ብሩን ስላጠቈረው፣ ጨው በተጨመረበት ትኩስ የሎሚ ውሃ ውስጥ ነክረው አነጡት።

ድንጋዩ የኢትዮጵያ ኦፓል ነው፤ በአዲስ አበባ ገዝተን የወሰድነው ሲሆን የተገኘው ከወሎ፣ ከደላንታ፣ በወገል ጤና አጠገብ ካለው ገደል ነው። በዚያ ስፍራ ኦፓል መኖሩ ለዓለም የታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ነው። በጥንት እሳተ ገሞራ አመድ በተሠራ ዓለት መካከል ባለው ቀጭን ንብርብር ውስጥ ይገኛልና፣ ቈፋሪዎቹ በገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ እየፈለፈሉ ያወጡታል፤ ዋሻው ተደርምሶባቸው ነፍሳቸውን ያጡም አሉ። በደረታችን ላይ የሚያበራው ቀለም የሰው ሕይወት የተከፈለበት መሆኑን መርሳት አይገባም። ሽማግሌው ይህን ድንጋይ ከዚህ በፊት በእጃቸው ይዘውት አያውቁም ነበር፤ ሲያገላብጡት አረንጓዴው ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ ሰማያዊ እየተለወጠ ቢያስደንቃቸው፣ «ይህ ድንጋይ ቃሉ አንድ አይደለም» ብለው ቀለዱ።

የደላንታ ኦፓል አንድ ጠባይ አለው። ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲገባበት ቀለሙ ደብዝዞ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ድንገተኛ እሳት ግን ይሰነጥቀዋል። ይህንን በነገርናቸው ጊዜ፣ «እንግዲያውስ እርሱ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው» አሉ። እንደዚሁም ሆነ፤ ብየዳው፣ ንጣቱና የሞረዱ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ኦፓሉን በማቀፊያው ውስጥ አስቀምጠው ዳሩን በደነዘ ብረት ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ገፉት። አንድ ጊዜ እንኳ አልቸኰሉም። የተጐነጐነውን ጥቁር ቆዳ ሲያስገቡበት ገመዱ ቱቦውን ይዞ ቆመ፤ ያልታየው ጀርባ በትክክል ተሠርቶ ነበር። ከዚያም የተረፈውን ቍራጭና የሞረዱን ፍቅፋቂ ሁሉ ሰብስበው ከጌጡ ጋራ መዘኑና ለአክስታችን በወረቀት ጠቅልለው መለሱ።

በመካከሉ የበኵር ልጃቸው መጥቶ፣ «በጀርባው 925 የሚል ቍጥር ይመታበት፤ በውጭ አገር ይህ ካልተጻፈ አያምኑም» ብሎ ነበር። 925 ማለት ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው፤ ማርትሬዛ ግን 833 ነው። ሽማግሌው ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «ልጄ፣ ያንን የነሐስ ብር የሠራውም ሰው እንዲሁ ያላለውን አስብሎት ነው» ሲሉ መለሱለት። ልጁም አፍሮ ዝም አለ፤ እኛም በዚህ ረገድ የምንጨምረው አልነበረንም።

እኒህ ሽማግሌ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ሁለተኛው ስልክ ይጠግናል። ለምን የአባታቸውን ሙያ እንዳልያዙ ብንጠይቅ፣ «ባለ እጅ ተብለው እንዳይሰደቡ እናታቸው ከለከለቻቸው» አሉን። ይህ ነገር እጅግ ያሳዝናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሠራተኛን በእጅ ሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። በመጽሐፍም ባስልኤል ወርቅና ብር እንዲሠራ ጥበብ የተሰጠው ከእግዚአብሔር ዘንድ መሆኑን በልጅነታችን ተምረናል። አዋጅ ታወጀ፣ መጽሐፍ ተነበበ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም አንዲት እናት ልጆቿን ከስድብ ለማዳን ስትል ከአባታቸው ጥበብ ለየቻቸው። ስድቡ እንዲህ ሥር ከሰደደ ዘንድ፣ መስቀሉን በአንገታችን እያደረግን የሠራውን ሰው የምንንቅ እኛ ራሳችን ልንጠየቅበት ይገባል። ደግነቱ ወናፉን የሚነፋው የልጅ ልጅ ስድቡን ገና አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ንቆታል። ሞረዱን አንሥቶ በነሐስ ቍራጭ ላይ ሲለማመድ አየነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባብያን፣ በየቤታችሁ ከእናት የተወረሰ ብር ላላችሁ ጥቂት ምክር እንለግሳለን። ጌጣችሁን ለአንጥረኛ ስትሰጡ በፊቱ አስመዝናችሁ ጻፉ፤ ስትቀበሉም ጌጡንና ፍቅፋቂውን ባንድነት መዝኑ፤ ጥቂት ብር ከሞረድና ከእሳት ጋራ መጥፋቱ ያለ ነገር ነው፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ካለ ግን አንጥረኛው በከንቱ አይታማም፣ ባለቤቱም አይጠራጠርም። የጀርመን ብር የሚባለው መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የለበትም፤ በስሙ አትታለሉ። አሮጌ መስቀልና ዶቃ በአሸዋ አትፈትጉ፤ ጥርሱና ቅርጹ ይጠፋልና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ አብሱት። የደላንታ ኦፓል ያለበት ጌጥ ካላችሁ፣ ልብስ ስታጥቡና ገላ ስትታጠቡ አውልቁት፤ ሽቱና ዘይት አታስነኩት፤ ውሃ ገብቶበት ቢደበዝዝ በጥላ ስፍራ በራሱ ጊዜ እንዲደርቅ ተዉት እንጂ በእሳት ወይም በፀሐይ አታቸኵሉት።

ከሁሉም በላይ፣ ብሩን ከማቅለጣችሁ በፊት የቤቱን ሽማግሌ ጠይቁ። ማን ለማን ሰጠው? በምን ቀን፣ በምን ምክንያት? የሰማችሁትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከተረፈው ጋራ አኑሩት። ብር ቀልጦ እንደ ገና ይሠራል፤ ያልተጻፈ የእናት ቃል ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚመልሰው አንጥረኛ አይገኝም። በአርጆ ያለው ክር ዛሬ ሰባት ይዟል፤ ስድስቱ ብር፣ አንዱ ነሐስ። የእያንዳንዱም ነገር ተጽፎ በአክስታችን ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።